ዋኖሷና የጠበሉ ቅጠል

ጥር 8 ቀን 1951 ዓ.ም.
ቀድሼ ገባሁ። ቆሎ ቆረጠምኩ። ተኛሁ። የባለቤቴ የአመተ ማርያም አርባዋ ከወጣ ወዲህ እንዲሁ ነው። ሞተች ብዬ ስጽፈው እንኳ ምንም አይለኝም... ምን ነካኝ?

ጥር 19
ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ላይ ጭልፊት አንዱን ዋኖስ ወሰደው። አንካሳዋ ሚስቱ ቀረች። መሪጌታ ወልደማርያም አይተው፣ "አዩ ቄስ ደሴ፣ መጽሐፉ እንደሚለው ዋኖስ ባሏ ከሞተ ሌላ አትሻም። እርጥብ ዛፍ ላይም አታርፍም። እርስዎም ይመንኩሱ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ካገባ ቅስናው ይፈርሳል። እሺ አልኩ መሰለኝ።

የካቲት 11
ጠበል ወረድኩ። ቋጥኙ ላይ ያለችው፣ አበባም ፍሬም የማታወጣዋ ቅጠል ደርቃ ተጨብጣለች። ስነካት ተንኮሻኮሸች። ዋኖሷ ታለቅሳለች፣ ይቺ ዝም። እኔ ወደዚች አደላለሁ።

መጋቢት 24
ትናንት ዘነበ። ቅጠሏ ተዘርግታ አረንጓዴ ሆናለች። ብቻዋን፣ ማንም ሳይጨመርባት። መነኩሴስ እሷ ናት። ዋኖሷ ግን... ከሌላ ጋር ጎጆ ይዛለች። እሱ ጭራሮ ያመጣል፣ እሷ እያነከሰች ትደረድራለች። ለመሪጌታ ነገርኳቸው።
"ሌላ ዋኖስ ትሆናለች።"
"ታነክሳለች እኮ።"
"ስንቱ ያነክሳል።"
ወይ መሪጌታ... መጽሐፉን ከሚያሙ ወፏን ማማት ይቀላቸዋል።

ሚያዝያ 9
ደግሞ ዘነበ። ለቅጠሏ ውኃ በቃት። እኔን ምን ይበቃኛል? የምንኩስናዬን ቀን ልቆርጥ ወደ መሪጌታ ስሄድ ሳላውቀው ታንጉት ደጅ ቆሜያለሁ። ጎረቤቴ ናት፣ ባሏ አምና ሞቷል።
"ምን ፈለጉ?"
"እንጃ።"
"ይግቡ እንግዲያ፣ ብርድ ነው።"

ግንቦት 3
ታንጉትን ላገባት ጠየቅኋት። "ቅስናዎን አፍርሰው ኋላ እንዳይጸጸቱብኝ" አለች። አልጸጸትም አልኩ። ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝም። ግንቦት ጋብቻ አይሆንም፣ ሰኔ ይሁን ተባለ።

ሰኔ 2
ትናንት ታንጉትን አገባሁ። ዛሬ የእጅ መስቀሌን ለመሪጌታ አስረከብኩ። ተቀበሉኝ።

ሰኔ 7፣ እሑድ
ከምእመናኑ ጋር ቆሜ አስቀደስኩ። ስንወጣ እመት ተዋበች ድምፄን ሰሙ። ዓይናቸው አያይም፣ ወሬውም አልደረሳቸውም። "ቄስ ደሴ፣ ያሳልሙኝ" ብለው ግንባራቸውን አቀረቡ። እጄ ወደ ኪሴ ገባ። ባዶ። "እናቴ፣ እኔ እንኳ..." አልኩ። ታንጉት ክንዴን ያዘችኝ። እዚያው ሰው መሃል አለቀስኩ። አመተ ማርያም ከሞተች ወዲህ ዛሬ ገና አለቀስኩ።