የሰንበቴ ተራዬ ሲደርስ

ይድረስ ለልጄ ለሸዋገነት፣ ቤሩት።

ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ። እንደምን ከርመሻል? እኔስ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው ይህን የማስጽፈው።

እዚህ ኮሶዬ ገብሳችንን በረዶ ከመታው ወዲህ እህሉም ማገዶውም አለቀ። ኪራይ ቢያቅተኝ ጎንደር የሚኖረው አከራዬ «ቤቴን ልቀቂ» አለኝ። በዚህ ላይ የሰንበቴ ተራዬ ደረሰ። የምደግሰው ባጣ፣ ከማኅበሩ ልወጣ ብዬ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን አያ ዳኛው ዘንድ ሄድሁ።

«ስሜን ይሰርዙልኝ» ብላቸው፣ «ምነው ሐረገወይን! ማኅበር የጠጣነው ለጥጋብ ጊዜ ብቻ ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

ልጄ፣ በማግስቱ የሆነውን ብታዪ! የማኅበራችን ሴቶች እነእማዋይሽ ገብስና ሽሮ ተሸክመው፣ እንጨትና ኩበት በአህያ ጭነው ደጄን ሞሉት። የተራዬንም ጠላ እነሱው ጠመቁልኝ። አያ ዳኛው ከግቢያቸው ጥግ ቦታ ሰጡኝ፤ ወንዶቹ ተሰብስበው ሸጋ ጎጆ ሠሩልኝ። ክዳኑ ትናንት አለቀና ጭቃው ሳይደርቅ ገባሁ! አሁን እሳቴን አንድጄ እየሞቅሁ ነው። ኪራይ የሚጠይቀኝ የለም!

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ «እናቴ ተቸገረች» ብለሽ የነርስነት ትምህርትሽን አቋርጠሽ እንዳትመጪ። ጨርሰሽ ነይ፤ የምትገቢበት ቤት አለን።

እግዚአብሔር እጅሽን የፈውስ እጅ ያድርገው።

እናትሽ ሐረገወይን