የቶሎሳ ፖም

መቱ፣ ረቡዕ ነሐሴ 14 ቀን

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ዝናቡም አላባራም። ለኔ ግን ዛሬ የድል ቀን ነበር።

የቢሮ ባልደረባዬ ቶሎሳ ያቺን ጀርባዋ ላይ የተገመጠ ፖም ያለባትን ስልክ ከገዛ ወዲህ፣ ሻይ ቤት በገባ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ይደፋታል፤ ፖሟ ለሕዝብ እንድትታይ። የኔን ስልክ "ባትሪ ድንጋይ" ይለዋል። ይበል። እኔን የሚያንገበግበኝ የፋርማሲዋ መሠረት ናት። ባለፈው ያነሳኋትን ፎቶ አይታ፣ "እኔ እንኳ የማምረው ቶሌ ሲያነሳኝ ነው" አለችኝ። ፊቷ ያው ፊት፣ ፀሐይዋም ያችው ፀሐይ!

ዛሬ ከሰዓት ፖሚቱ ቻርጅ ጨርሳ ሞተች። ቶሎሳ ሻይ ቤት ድረስ መጥቶ፣ "ማሎ ወንድሜ፣ ስልክህን ለአንድ ደቂቃ!" ብሎ ለመነኝ።

"መጀመሪያ ቁምና ሰው ሁሉ እየሰማ 'የሱ ስልክ ከኔ ይበልጣል' በል።"

ቆመ። አለ። የሻይ ቤቷ ባለቤት እትዬ ዘነቡ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። እኔም እንደ ተሿሚ እጄን አነሳሁ።

ቶሎሳ ስልኬን ይዞ በረንዳ ወጣ። የደወለው ለመሠረት ነበር። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ በኔ ባትሪ ሲሳሳቁ ሰማሁ።

አመሻሹ ላይ ቤቴ እንደገባሁ ስልኬ ጠራ። ገና "ሃሎ" ሳልል፣ "ቶሌዬ፣ ናፈቅከኝ እኮ!" አለች መሠረት። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ይኸው አሁንም እየጠራች ነው። ባትሪው ይሙትልኝ ብዬ አየሁት፤ ገና ሰማንያ በመቶ ነው።