ዘይቱ አልጎደለም

እታለም፣

ስኩተሩን እንዳትነኪው፣ ሞተሩን ፈትቼዋለሁ። ከሰዓት ተረኛ ስለሆንሽ በአውቶቡስ ሂጂ። ጃንጥላው በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እኔ ሲሊንደሩን ይዤ መካኒኩ ጋ ሄጃለሁ። ልቀሰቅስሽ ነበር፣ ግን በምን ፊቴ?

ትናንት ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎብሽ፣ ከነነርስ ልብስሽ እየገፋሽ ስትመጪ፣ «ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት አሳንሰሽ ነው» አልኩሽ።

ውሸቴን ነው። አንቺ ዘይቱን እንደ መድኃኒት በስሪንጅ ለክተሽ የምትጨምሪ ሰው ነሽ።

ያንን ሰፊ የጭስ ማውጫ ማርሚታ የገጠምኩልሽ ቀን መካኒኩ፣ «ካርቡሬተሩ አብሮ ካልተስተካከለ ሞተሩ ግሎ ይቃጠላል» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ድምፁን ለሰፈሩ ለማሰማት ቸኮልኩ። አንቺ «ኧረ በሰው ፊት አሳፈረኝ» ስትይ እንኳ «ትለምጂዋለሽ» ብዬ ሳቅኩብሽ።

የድሮውን ማርሚታ መልሼ እገጥመዋለሁ። አዲሱን አልጋዬ ስር አስቀምጬዋለሁ፤ ብትጥዪውም አልቀየምም።

አንቺም ግን ባየሽው ሰው ፊት ሁሉ «ወንድሜ እኮ ባለሙያ ነው» ማለቱን ተዪኝ። እሱ ነው ጉድ የሠራኝ።

ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው።

ይህን የምጽፈው ትናንት የዘይት ጣሳው ላይ በለጠፍሽው ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ገልብጪው። «አንቺ ዝርክርክ፣ ዘይት አታሳንሺ!» ይላል፣ በራስሽ እጅ ጽሑፍ።

ስትለጥፊው አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ፕላስተሩን እየቆረጥኩ ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ።