የወንዱ አይጥ ጉዳይ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት
ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በማር። በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ፤ ይኸው አራተኛ ሳምንቴ። የላኩልኝ የባሌ የዮናስ እናት ወ/ሮ አስቴር ናቸው፤ ማህፀን ያሞቃል ብለው። ከተጋባን አራት ዓመት፣ ልጅ የለም። እኔን ሁለት ሐኪም አይቶኛል፤ ምንም የለብሽም ተብያለሁ። ዮናስ እሺ ብሎ አይመረመርም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይላል። ዋጥኩት። ነጭ ሽንኩርት እየሸተትኩ ወደ አራት ኪሎ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው።

ከሰዓት
ለማስተርሴ የማጠናው ጂን (ዘረመል) ሥራው ልጓም መሆን ነው፤ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ልክ ያስይዛል። ልጓሙ ሲዛባ መዘዙ ብዙ ነው፦ ደም የሚያረጉ ሴሎች ላይ፣ ካንሰር ላይ። ጂኑ የሌላቸው ወንድ አይጦች ደግሞ መውለድ ይቸገራሉ። ማስታወሻዬ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ መካን ወንድ አነባለሁ፤ ቤት ስገባ መካኗ እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
የወ/ሮ አስቴር የጸሎት ቡድን ፒያሳ ቤታችን ድረስ መጣ። አምስት እናቶች እጃቸውን ሆዴ ላይ ጫኑ። ጸሎቱን አልጠላም፤ እኔም አማኝ ነኝ። የሰለቸኝ ሁሌ የእኔ ሆድ ብቻ መነካቱ ነው። ዮናስ ጥግ ቆሞ አሜን ይላል።
ሲያበቁ ወ/ሮ አስቴር ስለ ጥናቴ ጠየቁኝ። ስለ አይጦቹ ነገርኳቸው።
"ሴቷስ?"
"ሴቷ ጤነኛ ናት፣ እማዬ። ችግሩ ወንዱ ጋ ነው።"
ዮናስ ስልኩን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ሰው ፊት አዋረድሽኝ አለ። ያወራሁት ስለ አይጥ ነው!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ከዮናስ ጋር በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እየሄድን ድንገት ጠየቀኝ፤ ያ ጂን ሰው ላይም አለ ወይ? አለ፣ ምነው? አልኩት። ቆመ። አምና ተመርምሬ ነበር አለ። የዘር ሕዋሱ (ስፐርሙ) ቁጥር በጣም ዝቅተኛ ነው። ወረቀቱን መ/ቤት መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል።
አንድ ዓመት ሙሉ። እኔ የተላከልኝን ሁሉ ስውጥ። እሱ አሜን ሲል።
ከዚህ ጂን ይሁን ከሌላ አይታወቅም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ሕክምናም ሊኖረው ይችላል፤ ዓመቱ ግን ባከነ። መንገድ ላይ አለቀሰ። አላባበልኩትም። ቤት ስንደርስ አዘንኩለት፤ ማዘኔም አናደደኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከቤ/ክ መልስ
ለእናቱ እኔ እንድነግርለት ለመነኝ። ሳይንሱን አንቺ ታውቂዋለሽ አለ። እንቢ አልኩ። ሳይንስ አይደለም ይሄ። ዛሬ ለምሳ ይመጣሉ፤ በራሱ አፍ ይንገራቸው። አጠገቡ እቀመጣለሁ። እጁንም ልይዝለት እችላለሁ። ዝም ካለ ግን እህቴ ቤት ነው የማድረው፤ ልብሴን አዘጋጅቻለሁ። ነግሬዋለሁም።
በሩ ተንኳኳ። ሊከፍት ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግን ሄደ። እኔም ደብተሬን ዘግቼ አጠገቡ ልቀመጥ ነው።