የእሁድ ጫማ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን 1961

ዛሬም በበረባሶ ነው የሄደው። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ጣቶቹ ሁሉ ውጭ ናቸው።

ሀብቴን ነው የምለው፣ የልጄን የታምራትን የሥራ ጓደኛ። ሁለቱ አራት ዓመት አንድ ባሬላ ተሸክመዋል። ሰው ቤቱን ለቆ ሲሄድ ወይም አሮጌ ቤት ሲፈርስ ውስጡን አራግፈው ቆሻሻውን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። አንዱ ባሬላውን ከፊት ይይዛል፣ አንዱ ከኋላ። የኋላውን ሰው ጭነቱ ስለሚጋርደው የሚረግጠውን አያይም። ታምራት ከኋላ ነበር።

እግሩን የወጋውን ሚስማር ራሱ ነቀለው። ጋዝ አፍስሶበት ሥራውን ቀጠለ። በስምንተኛው ቀን ቁርስ ሳቀርብለት አፉ አልከፈት አለው። ሐኪም ቤት መንጋጋ ቆልፍ ነው አሉኝ። ከዚህ በላይ ዛሬ አልጽፍም።

በአርባው ልብሱን ለነዳያን ስሰጥ ቦት ጫማውን ለሀብቴ ሰጠሁት። ጦር ኃይሎች አጠገብ ከአንድ ጡረተኛ ወታደር የገዛው ነው፣ ሶሉ ወፍራም። ለሥራ አድርገው አልኩት። እሺ እማማ አለኝ።

እሺ ማለት ለሱ ቀላል ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 8

ጫማውን አየሁት! ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ። መስታወት እስኪመስል ወልውሎታል። ሚስቱ ወርቅነሽ ከጎኑ ነበረች። ወሯ ገብቷል፣ ቀስ እያለች ነው የምትራመደው።

ትናንት ይሄ ጫማ የት ነበር አልኩት። «አልጋ ሥር፣ እማማ። በጨርቅ ጠቅልዬ።» ለምን? «የታምራትን ጫማ ቆሻሻ ላስረግጠው እንዴ?»

ወርቅነሽ ሳቀች። «እኔን እንኳን እንዲህ አይንከባከበኝም፣ እትዬ ዘርፌ» አለች። እኔም ሳቅሁ።

ቤት ስገባ ሳቁ ጠፋብኝ። ታምራትም አልጋ ሥር ነበር የሚያስቀምጠው።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዳቦ ጋግሬ የሚሠሩበት ቤት ድረስ ሄድኩ፣ በአስኮ መንገድ። ለዳቦው አልነበረም። መሬቱን ማየት ፈልጌ ነው።

መሬት ላይ ያየሁት፦ ሚስማር የቆመበት ጣውላ። የተሰበረ ጠርሙስ። ዝገት የበላው ቆርቆሮ። የመርፌ ብልቃጦች፣ ምን እንደነበረባቸው እግዜር ይወቅ። አንድ የሞተች አይጥ።

የጃንሆይ ፎቶግራፍም ነበር፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ። ከቆሻሻው ጋር ባሬላ ላይ ሊጭነው የደፈረ የለም። ካቦው ጋሽ በየነ ራሱ በሁለት እጁ ይዞ ዛፉ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ሁሉም ዛፉን ዞረው ማለፍ ጀመሩ።

ጋሽ በየነን፣ ጭነት ሳይጀመር ሚስማሩን ለምን በመዶሻ አታስጎብጠውም አልኩት። «ሚስማር ስናጎብጥ ከዋልን ቤቱን መቼ ልናስረክብ ነው?» አለኝ። ለሠራተኞቹም ጮክ ብሎ፣ «ተነሱ፣ ተነሱ! አዲሷ ካቦ መጥተዋል!»

ሳቁብኝ። ይሳቁ። እሺ ቢያንስ የፊተኛው ሰው ሚስማር ሲያይ ለኋለኛው ይጩህለት አልኩ። ሀብቴ ብቻ አልሳቀም። ዳቦውን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ነበረኝ። በመቀስ በእግር ቅርጽ ቆረጥኩት፣ ሁለት። ጠርዙን በድንጋይ ቀጥቅጬ አጠፍኩ። ከላይና ከታች ጆንያ ደርቤ በወፍራም ክር ሰፋሁት። ጣቴን ቆረጠኝ፣ ትንሽ ነው። ጋዝ አላፈሰስኩበትም። በሳሙና ታጥቤ ዘነበወርቅ አካባቢ ካለችው ነርስ ዘንድ ሄጄ መርፌ ተወጋሁ። ወፍራም ሴትዮ ናት፣ ለጣት ይህን ያህል መንገድ መጡ ወይ አለችኝ። አዎ፣ መጣሁ።

አንደኛውን በሚስማር ሞከርኩት፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩት። አላለፈም! ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤት ሰምታ ከሆነ ምን ትል ይሆን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የቆርቆሮ ሶሎቹን ለሀብቴ ሰጠሁት። ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ። ከዚያ ምን አደረገ? ቦት ጫማው ውስጥ እከታቸዋለሁ፣ ለእሁድ ልክ ይሆኑኛል አለኝ! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሚስማር ማን በትኗል፣ አንተ ጅል፣ አልኩት።

ሊስቅ ብሎ ፊቱ ተለወጠ። ታምራት የተወጋ ቀን ከፊት ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ አለ። «ሚስማር የነበረበትን ጣውላ ተሻገርኩት እንጂ አልነገርኩትም፣ እማማ። ስለ ወርቅነሽ እያወራሁለት ነበር። ይሄን ጫማ አድርጌ እንደዚያ ያለ ቤት ልግባ?»

እጁን ያዝኩት። ረጅም ጊዜ ያዝኩት። እኔም የምነግረው ነበረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከተማው ሁሉ ጭስ ነው። እናቴ በኅዳር በሽታ ጊዜ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ቀን ሁሉም ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። እኔም ታምራት ከየፈረሰው ቤት እያመጣ ጓሮ የከመረውን አወጣሁ። ጠርሙሱንና የባትሪ ድንጋዩን ለየሁ፣ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። የቀረውን ለኮስኩ።

ሀብቴ ከቅዳሴ መጣ፣ ላግዝዎት ብሎ። ቦት ጫማው እግሩ ላይ እያበራ ነው። ብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ምንድነው አልኩት። «በረባሶዬ ነዋ። ለሥራ ልቀይር።»

ስጠኝ ልያዝልህ አልኩት። ሰጠኝ። ከነጋዜጣው እሳት ውስጥ ከተትኩት።

«እማማ! ጫማዬ!»

«ጫማህ እግርህ ላይ ነው።»

የበረባሶው ጎማ ተንጨረጨረ። ጥቁር ጭስ ሰፈሩን ሸፈነው። ጎረቤቶች ምን እያቃጠላችሁ ነው እያሉ በአጥሩ ላይ ጮሁ። ሀብቴ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ያኔ ነገርኩት። ሚስማሩ በወጋው ቀን ጠዋት ታምራት ቦት ጫማውን አድርጎ ሊወጣ ነበር። ለቆሻሻ ሥራ አታበላሸው፣ ለእሁድ አስቀምጠው ያልኩት እኔ ነኝ። እሺ እማዬ ብሎ አወለቀ። በእጄ ነው አልጋ ሥር ያስገባሁት።

ሀብቴ አጠገቤ ቁጭ አለ። ጭሱ ዓይናችንን አቃጠለን፣ ሁለታችንም ለመጥረግ አልቸኮልንም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ጠዋት ሳላየው ሰማሁት። ኮቴው ከባድ ነው። ልቤ አንድ ጊዜ ታምራት አለ። ከዚያ ሀብቴ አለ። ሁለቱም ደስ አሉኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ቦት ጫማው ኖራ ለብሷል፣ አፍንጫው ተፍቋል። ሶሉን ገልብጦ ሊያሳየኝ ሲል አታሳየኝ አልኩት። እግርህን ብቻ አሳየኝ። አወለቀ። አሥሩም ጣት፣ ንጹሕ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከፊት ሆኖ ሚስማር፣ ጠርሙስ እያለ ሲጮህ ድምፁ ዘግቷል። ጋሽ በየነም ከምሳ በኋላ አንድ ሰው መዶሻ አስይዞ ሚስማር አስጎብጧል። ከእትዬ ዘርፌ ምላስ ለመዳን ነው ብሏል አሉ።

ወርቅነሽ ጫማውን ስታይ ጮኸችበት አሉ። ትጩህ።

በረባሶ በገበያ ሞልቷል፣ ነገ ሄዶ ሌላ ሊገዛ ይችላል። አላውቅም። ነገ ጠዋት አጥሩ አጠገብ እሆናለሁ።