አባቴን ላሳመሩልኝ የቪዲዮ አቀናባሪ

ለክቡር አቶ ፈንታሁን
የስቱዲዮ ባለቤት፣ ቀራጭ፣ አቀናባሪና የሰው ትዝታ አስዋቢ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ለእርስዎም ለመሣሪያዎችዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ጆሮዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፤ ከዚህ በታች እንደምገልጸው፣ የሰው ሳል እንኳ የማይችል ስስ ጆሮ ስለሆነ ሐሳብ ገብቶኛል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ እኔ ጥሩወርቅ ሙሉሐብት፣ መምህርትና የመንታ ልጆች እናት ነኝ። እንዲህ ያለ ሙያ በአንድ ጠባብ ክፍል ተደብቆ መቅረቱ ስለሚያሳዝነኝ፣ የከተማው ሕዝብ ሁሉ እንዲያውቅልዎ ፈለግሁ።

ሥራዎን በወጉ ለማመስገን ምን እንዳስረከብኩዎት ማስታወስ አለብኝ። መንታዎቼ ይሻውና ስመኝ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ባለቤቴ ምትኩ ባለካሜራ ስልክ ገዛልኝና የቤታችን ቪዲዮ ቀራጭ ሆኜ ተሾምኩ። እርስዎ የሙያው ሰው ስለሆኑ ይስቁብኝ ይሆናል፤ መጀመሪያ የቀረጽኩት የራሴን አውራ ጣት ነው። ቀጥሎ የቀሚሴን ኪስ ውስጡን፣ ብዙ ጊዜ፣ በጥሩ ጥራት ቀረጽኩ፤ ጀመርኩ ስል አቆማለሁ፣ አቆምኩ ስል እጀምራለሁ። ስመኝ የመጀመሪያ ጥርሷን ስታሳየን ምትኩ ከኋላዬ «ቀዩ ምልክት በርቷል? ቀዩን አይተሻል ወይ?» ብሎ ሲጮኽ ልጅቱ ደንግጣ አፏን ገጠመች። ልጆቹ ደግሞ የሚያምር ነገር እያደረጉ ሳለ ስልኩን ካዩ ሁሉን ትተው እየዳኹ ይመጡና ካሜራውን ይልሱታል። ከልጆቼ ፊት ይልቅ የልጆቼን ምላስ በብዛት ቀርጬ አስቀምጫለሁ።

በጥቅምት አባቴ አቶ ሙሉሐብት ደረታቸውን ሊታከሙ ከሐሙሲት መጥተው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። አንድ ረፋድ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ስመኝ የያዘችውን መቃን ለቃ ብቻዋን ቆመች። አባቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች! ነይ፣ ነይ እመቤቴ» አሏት። ስልኩን አወጣሁ። ቀዩ በራ። ጣቴም ከካሜራው ላይ ዞር ብሎ ነበር። ልጄ እየተንገዳገደች መጣች፣ አባቴ ሳል እያቋረጣቸው ያበረታቷት ነበር፤ ስትደርስላቸው አቅፈው በጋቢያቸው ጠቀለሏትና አንድ ነገር አሏት። ምን እንዳሏት እኔ አልሰማሁም፤ ስልኩ ባትሪው ሊያልቅ ነው የሚል ጽሑፍ ደቅኖብኝ እየጮኸ፣ እኔም እሱን ለማጥፋት እየታገልኩ ነበር። ግድ የለም፣ ተቀርጿል፣ ኋላ እሰማዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ ይሻው ስልኩን አጥሚት ውስጥ ነከረው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ያሳያል እንጂ አይናገርም። ቪዲዮው ያለበትን ሚሞሪ ካርድ አውጥቶ በሌላ ስልክ ማየትና መስማት እንደሚቻል የተረዳሁት ከእርስዎ ጋር ከተዋወቅን በኋላ ነው፤ ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

አባቴ ከጥምቀት በኋላ ሐሙሲት ላይ አረፉ። እናቴ ወይዘሮ ብዙነሽ በለቅሶው መካከል እጄን ይዘው «ድምፃቸው አንቺ ዘንድ አለ አሉ። አሰሚኝ» አሉኝ። ዓይናቸው የስልክ ምስል ስለማይለይ በቴሌቪዥን እንዲያዩት ብዬ ካርዱን ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁ። «ምንም ሳይጨመር፣ ምንም ሳይቀነስ ወደ ሲዲ ይገልብጡልኝ» ስልዎ፣ «ለእኔ ተዪው እህቴ» አሉኝ። ተውኩልዎ። ሲዲውን በተረከብኩ ቀን መብራት ስላልነበረ ሳላየው ለአርባቸው ይዤው ሄድኩ።

በተዝካሩ ቀን ዘመድ አዝማድ፣ የንስሐ አባታቸውም ጭምር፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ምስጋናዬ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ገና ሲከፈት ወርቃማ ፊደላት እየተሽከረከሩ መጥተው «መልካም ጋብቻ» ስላሉን ከልብ እናመሰግናለን። ከየትኛው ደንበኛዎ እንደተረፈ ባላውቅም፣ አባቴ በአርባኛ ቀናቸው ተዳሩ።

ሁለተኛ፣ ጥቁር በለበሱ ሴቶች መካከል ጭፈራ ስላስገቡልን። የሠርጉ ዘፈን ሲጀምር የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው ተነሥተው ወጡ። አክስቴ የሺ ሳታስበው ትከሻዋ ከዘፈኑ ጋር ነቅነቅ አለና፣ ወዲያው አፍራ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ አለቀሰች። እኔ የት ልግባ?

ሦስተኛ፣ የልጄን ርምጃ ስላዘገዩልን። ስመኝ ያቺን ትንሽ ግቢ ለማቋረጥ ዘፈኑ እስኪያልቅ ፈጀባት፤ በዚያ ሩጫ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አያቷ ዘንድ ባልደረሰች ነበር።

አራተኛው ስለ ጽጌረዳዋ ነው። ልጄ አያቷ ጉያ ስትገባ፣ እሳቸውም ጎንበስ ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከታች ጥግ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ተነሥታ እያደገች መጥታ አፋቸው ላይ ፈነዳች። በዚህ ሁሉ ስክሪን ውስጥ ሌላ ባዶ ቦታ ጠፍቶ አይመስለኝም።

የቀረው ነገር ቁጥር አይገባውም። ዘፈኑ አለቀ፣ ቪዲዮው አለቀ፤ እናቴ ግን ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳዘነበሉ ቀሩ። ቆይተው «እሳቸው አይናገሩም እንዴ?» አሉ።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ገብቼ በቀጥታ ወደ ስቱዲዮዎ መጣሁ። የአባቴ ድምፅ የት እንደሄደ ስጠይቅዎ ከኮምፒውተርዎ ፊት ሳይነሡ የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ሽማግሌው በጣም ያስላሉ እኮ። ሳሉ ሥራውን ያበላሸው ነበር፣ አወጣሁልሽ።»

«የመጀመሪያው ካርዱ ላይ አለ አይደል?» አልኩዎ።

«ካርዱ ቫይረስ ነበረበት። ሙልጭ አድርጌ አጸዳሁልሽ፣ ያውም በነጻ።»

«ኮምፒውተርዎ ላይስ?»

«ቦታ ሲጠበኝ አጠፋሁት። አታካብጂው እህቴ፤ ልጅቷ ቆንጆ ሆና ወጥታለች አይደል?»

ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩ፤ ባጃጆቹ እየጮኹብኝ ሲያልፉ ሳልሻገር ቆየሁ። አባቴ የሞቱ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆንኩም፤ ያን ዕለት ድምፃቸው ቤቴ ውስጥ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረና። ነጻ አገልግሎትዎን ስለማድነቅ ግን አይጠራጠሩ። የሰው አባት ዳግመኛ ቀብሮ ክፍያ አለመጠየቅ በዚህ ዘመን የሚገኝ ቸርነት አይደለም።

ወደ ሐሙሲት ተመልሼ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳቸው። አልጮኹም፣ እርስዎንም አልረገሙም። «በይ ክፈቺው። ዘፈኑን ዝጊልኝ» አሉ። መቀመጫቸውን እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ አስጠግተው፣ ምስሉ እንደ ጥላ የሚታያቸው ሴት፣ አፍንጫቸው መስተዋቱን ሊነካ እስኪደርስ አጎነበሱ። ከዚያ የአባቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እሳቸው መናገር ጀመሩ።

«ወፌ ቆመች» አሉ። «ወፌ ቆመች። ነይ... ነይ እመቤቴ።»

እኔ እዚያው ነበርኩና አውቃለሁ፤ አንድም ቃል አልሳቱም። የአባቴ ደረት ሲንቀጠቀጥ ደግሞ እናቴ እጃቸውን አንሥተው «አሁን አሳላቸው» አሉና፣ ሳሉ እስኪያልፍላቸው አብረው ጠበቁ። ስመኝ፣ አሁን ሯጭ የሆነችው ልጄ፣ ጨዋታዋን ትታ መጥታ የእናቴን ጉልበት ይዛ ቆመች። ልጅቱ በቴሌቪዥኑ ውስጥ አያቷ ዘንድ ደረሰች፣ አባቴም አፋቸውን ከፈቱ።

ጽጌረዳዋ ወጣች።

እናቴ አበባዋ እስክታልፍ በትዕግሥት ጠበቁ። ስታልፍ የአባቴ አፍ ተገጥሟል። እንደገና አስከፈቱኝ፣ እንደገና ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይቺን አበባ እዚህ የተከላት ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ስምዎን ነገርኳቸው። እንዳይጠፋቸው ቀስ ብለው ደገሙት።

እርስዎ ባቀናበሩት ቪዲዮ ውስጥ የአባቴ ድምፅ በሚሰማው ልክ ለእርስዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሥራዎ እንዲሰፋ፣ የሚያጠፉትም እንዳያጡ በትሕትና የምመኝልዎ

ጥሩወርቅ ሙሉሐብት
ደብረ ታቦር

ማሳሰቢያ፦ የበኩር ልጅዎን በቅርቡ ክርስትና እንደሚያስነሡ ሰማሁ። ባለቤትዎን እንኳን ማርያም ማረችልዎ። በቅንነት እመክርዎታለሁ፤ የሚቀርጽልዎ ሰው ሲፈልጉ ወደ ሌላ ስቱዲዮ ይሂዱ።