ሐሜተኛው ሰዓት

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለጥንቅሽ፤ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ጥርሴ አልቆ ምላሴ ብቻ ከመቅረቱ በቀር ደህና ነኝ።

የላክሽልኝ የልብ ምት የሚለካው ሰዓት ሰላይ ነው፤ ከወንበሬ ካልተነሳሁ ይነዝረኛል። ሰሞኑን አያትሽ ተውሳኝ አሰረችው። ቁጭ ብላ ሹራብ እየሠራች ሳለ «የልብ ምት ተዛብቷል» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

«አየሽ፣ ዛሬም ስታይኝ ልብሽ ይደነግጣል» አልኳት።

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ሽማግሌ!» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን ሰዓቱን አላመንኩትም። ማሰሪያው ላልቶ ይሆናል ብዬ አጠበቅኩት። እኔ ሳስረው ዝም ይላል፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም ሲያስረው ዝም። እሷ ስታስረው ያንኑ ይደግማል። ምን ቂም እንዳለው እንጃ!

ከዚያ ወዲህ ውሃውን ወደ ፎቅ የማወጣው እኔ ነኝ። «ሰዓቱ ተንቀሳቀስ ብሎኛል» እላታለሁ። እሷም «አንተና ሥራ ከመቼ ወዲህ?» እያለች በጎን ታየኛለች።

ሐኪም ቤት ስለምትሠሪ ልጠይቅሽ፤ እንዲህ ያለ ሰዓት ይሳሳታል አይደል? መልሱን በስልክ አትንገሪኝ፣ ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። ይልቅ ፈቃድ ጠይቂና ቶሎ ነይ። «ናፍቃችሁኝ ነው» በያት፤ የልብ ማዳመጫሽን ግን ከልብስሽ ሥር ደብቀሽ አምጪው።

ሁለታችንም በደህና እንጠብቅሽ።

አያትሽ